ጠንካራው ጎሚኒ መኪናዋን ለምን አላሻላትም? የአንዲት ማዝዳ ሚያታ የጉዳይ ጥናት

ይህን ጉዳይ ለምን መዘገብኩት

የምሠራው ቨርጂኒያ ውስጥ ባለ አነስተኛ ጋራዥ ነው። ጎሚኒ የጎማዎቹ ክንዶች ከመኪናው አካል ጋር በሚያያዙበት ቦታ የሚገባ ክብ ላስቲክ ነው። የጎሚኒ ሥራ ሁልጊዜ ይመጣል፤ አብዛኛው ፈትቶ፣ አሮጌውን አውጥቶ፣ አዲሱን አስገብቶ መሸኘት ነው። ይህችኛዋ መኪና ግን የመጣችው ጎሚኒዋ ስላለቀ አልነበረም። ከአንድ ዓመት በፊት ሌላ ጋራዥ የፋብሪካውን ላስቲክ አውጥቶ ፖሊዩሬቴን በተባለ ከላስቲክ በሚጠነክር ሰው ሠራሽ ቁስ ተክቶላታል፣ ባለቤቱም ደህና ገንዘብ ከፍሏል፤ መኪናዋ ግን ከቀድሞው ብሳ ነበር። "ጠንካራ ጎሚኒ አስገባበትና ተገላገል" የሚለው ምክር አዲስ አበባም ሆነ እዚህ በየጋራዡ የሚሰማ ስለሆነ፣ ምክሩ የት ላይ እንደሚሠራና የት ላይ እንደማይሠራ በአንድ መኪና ላይ ማሳየት ይጠቅማል ብዬ አመንኩ።

ባለቤቱ እንድጽፈው ፈቅዷል። ስሙንም የቀድሞውን ጋራዥ ስምም አላነሳም። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መኪናዋና ባለቤቷ

መኪናዋ የ1994 ሞዴል ማዝዳ ሚያታ ናት። አውሮፓ ውስጥ ኤምኤክስ-5፣ ጃፓን ውስጥ ዩኖስ ሮድስተር ተብላ የተሸጠችው ባለ ሁለት ወንበር ክፍት መኪና ናት። ለሕዝብ የታየችው በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ነበር። በ1994 ሞተሯ ከ1.6 ወደ 1.8 ሊትር አድጎ፣ አሜሪካ በተሸጡት ላይ 128 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። ክብደቷ ከአንድ ቶን ብዙም አይርቅም፤ የምትነዳው በኋላ ጎማ ነው።

ለዚህ ታሪክ ዋናው ነገር ግን ከሥር ያለው ነው። አራቱም ጎማዎች ላይ የላይና የታች ክንድ፣ ማለትም ሁለት ሁለት ኮንትሮል አርም (ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያገናኝ ብረት) አላት። ብዙ ርካሽ መኪናዎች ከፊት አንድ የታች ክንድና ሾክ ብቻ ይዘው ሲሄዱ ማዝዳ በዚህች ትንሽ መኪና ላይ ይህን ማድረጉ ለአያያዟ ምን ያህል እንደተጨነቀላት ያሳያል። ክንዱ በበዛ ቁጥር ግን ጎሚኒውም ይበዛል። ከፊት ብቻ በእያንዳንዱ ጎን አራት ጎሚኒ አለ፤ ከኋላ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል።

ባለቤቱ በልጅነቱ ከወላጆቹ ጋር መጥቶ ሜሪላንድ ያደገ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። መኪናዋን የገዛት ከፔንሲልቬኒያ ነው፤ በክረምት በረዶውን ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ከሚበተንበት አገር ማለት ነው። በሥራ ቀን ቤልትዌይ በሚባለው የዋሽንግተን ቀለበት መንገድ ይመላለስባታል። አንዳንድ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ በመኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ በፕላስቲክ ኮን መካከል በሚደረገው የሰዓት ውድድር፣ በአውቶክሮስ፣ ይሳተፋል።

ጎሚኒ ምን እንደሚያደርግ

ይህን ሳልገልጽ ብቀጥል ቀሪው ግልጽ አይሆንም።

የፋብሪካው ጎሚኒ መሃሉ ላይ ብሎን የሚያልፍበት የብረት ቱቦ አለው፤ በቱቦው ዙሪያ ላስቲክ በፋብሪካ ሙቀት ተጣብቋል። ብሎኑ ሲጠብቅ ቱቦው ከመኪናዋ አካል ጋር ይቆለፋል፣ ከዚያ በኋላ አይዞርም። ክንዱ ከፍ ዝቅ ሲል የሚጠመዘዘው ላስቲኩ ነው። ስለዚህ ላስቲክ ጎሚኒ በትንሹም ቢሆን የሞላን (የስፕሪንግን) ሥራ ይሠራል፤ ክንዱን ሁልጊዜ ወደተጠበቀበት ቦታ ይመልሰዋል። ቅባት አይፈልግም፣ አይጮህም፣ የመንገዱን ንዝረት ያፍናል። ድክመቱ ኃይል ሲበዛበት መለመጡ ነው። ፍሬን ሲያዝ ክንዱን ወደ ኋላ ያስኬደዋል፣ መታጠፊያ ላይ ወደ ጎን ያስኬደዋል፤ ጎማውም በአላይመንት (በጎማ ማዕዘን ማስተካከያ) ማሽን ከተሰጠው ማዕዘን ይወጣል። ዕድሜ ሲጨመርበት ደግሞ ይሰነጠቃል፣ ከቱቦውም ይላቀቃል።

ፖሊዩሬቴን ከዚህ ይጠነክራል። ጥንካሬ በሚለካበት በሾር ኤ መለኪያ ለመኪና ጎሚኒ የሚሸጠው ፖሊዩሬቴን ብዙውን ጊዜ ከ80 እስከ 95 ይደርሳል፤ ተራው ላስቲክ ከዚያ በእጅጉ ዝቅ ይላል። ገዢው የሚያየው ይህን ቁጥር ነው። ለመካኒኩ ግን ሌላ ልዩነት ይበልጥበታል፦ ፖሊዩሬቴኑ ከቱቦው ጋር አልተጣበቀም። እንደ በር ማጠፊያ በቱቦው ዙሪያ ይዞራል። የሚዞር ነገር ደግሞ ቅባት ይፈልጋል፣ ለመዞርም ጥቂት ክፍተት ይፈልጋል፣ መዞር የሚችለውም በአንድ ዘንግ ዙሪያ ብቻ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ክንዱ ይያዛል። ክንዱ ከተያዘ ሞላውና ሾኩ ሥራቸውን መሥራት አይችሉም።

ቅሬታው

ባለቤቱ የነገረኝ አራት ነገር ነው። ጠዋት ጠዋት፣ በተለይ ሲበርድ፣ የፍጥነት መገደቢያ ጉብታ ላይ ስትወጣና ስትወርድ ትጮሃለች፤ የቆየ የእንጨት አልጋ ዓይነት ድምፅ ነው። ትንንሽ ጉድጓድ ላይ ከቀድሞው ይልቅ ትመታለች። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስትሄድ ኋላዋ ይንሳፈፋል፤ ረድፍ ሲቀይር አፍንጫዋ ቶሎ ትሄዳለች፣ ጭራዋ ግን ዘግይታ ትከተላለች። የቀኝ ኋላ ጎማዋ ደግሞ ውስጠኛ ጠርዙ ብቻ ተበልቷል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅሬታዎች ከጠንካራ ጎሚኒ የሚጠበቁ ይመስላሉ። ብዙ ሰው "ስፖርት መኪና ናት፣ ቻለው" ብሎ ይመልሰዋል። ሦስተኛውና አራተኛው ግን ከጠንካራ ጎሚኒ ጋር አይሄዱም። ጎሚኒው ከጠነከረ ጭራዋ መቆንጠጥ እንጂ መንሳፈፍ የለባትም። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት የተለያየ ችግር አለ ብዬ ጀመርኩ።

ምርመራው

መኪናዋን ከማንሳቴ በፊት የአላይመንት ወረቀት ካለው ጠየቅኩት። ጓንት ማስቀመጫው ውስጥ አጣጥፎ አስቀምጦት ነበር፤ ጎሚኒው በተቀየረበት ሳምንት የተሠራ ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት ሁለት ዓምድ አለው፤ አንዱ ከማስተካከያ በፊት፣ ሌላው በኋላ። በሦስቱ ጎማዎች ላይ ቁጥሮቹ ተለውጠው፣ በሚፈለገው ልክ ገብተው፣ አረንጓዴ ሆነዋል። ቀኝ ኋላ ላይ ግን ቀይ ነው፤ ከማስተካከያው በፊትና በኋላ ያለው ቁጥር ደግሞ አንድ ነው። ቶ የምንለው፣ ጎማው ከላይ ሲታይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚዞርበት ማዕዘን፣ ከማስተካከያው በፊት 0.15 ዲግሪ ወደ ውጭ ነበር፤ በኋላም 0.15 ዲግሪ ወደ ውጭ ነው። ካምበሩም፣ ማለትም ጎማው ከፊት ሲታይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዘነብልበት ማዕዘን፣ እንደዚያው ምንም አልተነካም።

በሚያታ ላይ የኋላ ቶና ካምበር የሚስተካከሉት የታችኛው ክንድ ከመኪናዋ አካል ጋር በሚያያዝባቸው ሁለት ብሎኖች ነው። የእነዚህ ብሎኖች ራስ ላይ ከመሃሉ የወጣ ክብ ዲስክ አለ፤ ብሎኑ ሲዞር ክንዱን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይገፋዋል። ቁጥሩ ፈጽሞ ካልተለወጠ ብሎኑ አልዞረም ማለት ነው። ብሎኑ የማይዞረው ከጎሚኒው ቱቦ ጋር በዝገት ሲጣበቅ ነው። ብሎኑ ከተጣበቀ ደግሞ ክንዱ አልወጣም፤ ክንዱ ካልወጣ ጎሚኒው አልተቀየረም። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ወረቀቱን በእጄ ይዤ፣ መኪናዋ ገና መሬት ላይ እያለች ነው።

ከሥር ስገባ እውነት ሆኖ አገኘሁት። የተገዛው ኪት ጥቁር ፖሊዩሬቴን ስለነበር በዓይን ከላስቲክ አይለይም፤ በላዩ ላይ ደግሞ ፀረ ዝገት ቀለም ተረጭቶበታል። ቀለሙን በብረት ብሩሽ ስጠርግ ከሥሩ የተሰነጠቀ የፋብሪካ ላስቲክ ብቅ አለ። ሌቫ (መፈንቀያ ብረት) አስገብቼ ስገፋ ክንዱ ከነላስቲኩ ወደ ጎን ተንቀሳቀሰ፤ በአንደኛው በኩል ላስቲኩ ከቱቦው ተላቆ ብርሃን ያሳልፍ ነበር። ሦስቱ ማዕዘን ጠንካራ፣ አራተኛው ልቅ። የተንሳፈፈችው ጭራ ምክንያቷ ይኸው ነው።

ቀጥሎ የጩኸቱን ነገር ያዝኩ። ጎማውን አውልቄ የሾኩን የታች ብሎንና የስታብላይዘሩን (መኪናዋ መታጠፊያ ላይ እንዳታዘነብል የሚይዘውን ዘንግ) ማያያዣ ፈታሁ፤ ናክሉንም (ጎማው የሚታሰርበትን ብረት) ከክንዱ ለየሁ። አሁን ክንዱን የሚይዘው ጎሚኒው ብቻ ነው። ፖሊዩሬቴን በትክክል ከተገባ ክንዱን አንስቶ ሲለቁት በራሱ ክብደት መውረድ አለበት። የግራ ፊቱን የታች ክንድ አንስቼ ለቀቅኩት፤ ባለበት ቆመ። ወደ ላይ ከፍ አደረግኩት፤ እዚያም ቆመ። ወደ ታች ለመጫን ክንዴን መጠቀም ነበረብኝ፣ ሲወርድም እያንቋረረ ነው የወረደው። የቀኙም እንዲሁ ነበር። ባለቤቱ አጠገቤ ቆሞ ስለነበር እሱም በእጁ እንዲሞክረው አደረግኩት፤ ከዚያ በኋላ ስለችግሩ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ይህ ሙከራ ለላስቲክ ጎሚኒ አያገለግልም። ላስቲክ በባሕርዩ ክንዱን ወደተጠበቀበት ቦታ ስለሚመልሰው ክንዱ አለመውረዱ ጤና ነው።

ክንዱ ለምን ተያዘ? ጎሚኒውን አውጥቼ በካሊፐር (ጥቃቅን ርዝመት መለኪያ) ለካሁ። የመሃሉ የብረት ቱቦ ከፖሊዩሬቴኑ ጠቅላላ ርዝመት በጥቂቱ መብለጥ አለበት፤ ብሎኑ ሲጠብቅ የሚጨመቀው ቱቦው ሆኖ ፖሊዩሬቴኑ ነፃ እንዲሆን ነው። እዚህ ተገልብጧል። ፖሊዩሬቴኑ ከቱቦው ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር ይረዝም ነበር። ምክንያቱ ደግሞ ከውበት የመጣ ነው፦ የቀድሞው ጋራዥ ክንዶቹን በዱቄት ቀለም አስቀብቶ በምድጃ አስጋግሯል፤ ግን የጎሚኒውን ቤት (ክንዱ ላይ ጎሚኒው የሚገባበትን ቀለበት) ውስጡንና ጠርዙን ቀለም እንዳይነካው አልሸፈነም። ቀለሙ ጠርዙ ላይ ውፍረት ጨመረ፣ ቀዳዳውን ደግሞ አጠበበው። የጠበበው ቀዳዳ ፖሊዩሬቴኑን ወደ ውስጥ ጨምቆ ቱቦው ላይ አጣበቀው። ቅባቱም በጣም ጥቂት ነበር።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ባለቤቱ መጀመሪያ የጠየቀኝ በትንሽ ወጪ እንዲሞከር ነበር። ተገቢ ጥያቄ ነው። ብሎኖቹን አላልቼ በተቻለ መጠን ለፖሊዩሬቴን የሚሆን፣ ውኃ የማያጥበው ሲሊኮን ግሪስ አስገባሁ። ጩኸቱ ጠፋ። የክረምቱ ጨውና ውኃ ሲጀምር ግን ተመለሰ፣ እኔም እንደሚመለስ ነግሬው ነበር። ቅባት የተጨመቀን ነገር ነፃ አያወጣም። ከዚያ በኋላ ሙሉውን ለመሥራት ተስማማን።

ከባዱ ሥራ ቀኝ ኋላ ነበር። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ደጋግሜ ረጨሁ፣ በእሳት አሞቅኩ፤ የታችኛው ክንድ ሁለት ብሎኖች አልተነቃነቁም። ብሎኑን ለማዞር ሲሞከር ቱቦው አብሮ ይዞርና ላስቲኩን ብቻ ይጠመዝዛል። እዚህ ላይ ጉልበት መጨመር መኪናዋን ያበላሻል፤ ብሎኑ የሚቀመጥበት ቀጭን የብረት ጆሮ ይጣመማል፣ እሱ ከተጣመመ አላይመንት ከዚያ በኋላ አይያዝም። መፍትሔው መቁረጥ ነው። ቀጭን ምላጭ ያለው የኤሌክትሪክ መጋዝ በክንዱና በጆሮው መካከል አስገብቶ፣ ጆሮውን ሳይነኩ፣ ብሎኑን ከሁለቱም ጎን መቁረጥ። ቦታው ጠባብ ነው፣ ምላጭም ይበላል። አዲስ ብሎን ከነዲስኩ አስቀድሞ ሳይገዙ መጋዝ ማንሳት አይገባም። የክንዱን ውጫዊ ጫፍ ከናክሉ ጋር የሚያያይዘው ረጅም ብሎን በሚያታ ላይ በመጣበቅ የታወቀ ቢሆንም፣ ይህኛው በሙቀትና በትዕግሥት ወጣ።

አሮጌውን ላስቲክ በፕሬስ አስወጣሁ። ብዙ ሰው በእሳት አቃጥሎ ያወጣል። ፖሊዩሬቴን ሲቃጠል ሃይድሮጂን ሳያናይድን ጨምሮ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ የላስቲክ ጭስም ለሳንባ ምሕረት የለውም። አገር ቤት ባሉ ጋራዦች ወጣት ረዳቶች በተዘጋ ክፍል ይህን ሲሠሩ አይቻለሁ፤ እባካችሁ ተዉት። ፕሬስ ከሌለ ሞርሳና ልኩን የጠበቀ የብረት ቀለበት ይበቃል።

አሁን ወደ ምርጫው ደረስን። ባለቤቱ ሁሉም ፖሊዩሬቴን ሆኖ እንዲቀጥል ፈልጎ ነበር። እኔ የታቹ ክንዶች ፖሊዩሬቴን፣ የላዮቹ አዲስ ላስቲክ ይሁኑ አልኩት።

"ጋሼ፣ ከፍዬ ያስገባሁትን አውጥቼ ልጣል?" አለኝ።

ምክንያቴ ይህ ነበር። በዚህች መኪና ላይ ሾኩና ሞላው የሚቀመጡት የታችኛው ክንድ ላይ ነው፤ የፍሬንና የመታጠፊያ ኃይልም በብዛት የሚያርፈው እዚያው ነው። አላይመንት የሚያስተካክሉት ብሎኖችም እዚያው ናቸው። ጥንካሬ የሚያስፈልገው ቦታ ይህ ነው። የላይኛው ክንድ የሚሸከመው ያነሰ ነው፤ ላስቲክ ቢሆን የሚጠፋው ትክክለኝነት ትንሽ ነው፣ የሚገኘው ጸጥታ ግን ብዙ ነው። በዚያ ላይ የፊተኛው የላይ ክንድ በአንድ ረጅም ብሎን ስለሚያያዝ በየጊዜው ፈትቶ መቀባት አይመችም። የማይቀባ ፖሊዩሬቴን ደግሞ ተመልሶ ይጮሃል። የማይደረስበት ቦታ ላይ ጥገና የማይፈልግ ነገር ማስገባት ይሻላል።

ሙሉ የብረት ኩሽኔታ የማስገባት ሐሳብም አንስቶ ነበር። ለውድድር ብቻ ለምትወጣ መኪና ጥሩ ነው። ጨው በሚበተንበት ክረምት በየቀኑ ለምትሄድ መኪና ግን ቶሎ ይበላል፣ ከተበላ በኋላም ያንኳኳል። ተወው።

ስለ ውድድሩ አንድ ነገር ልጨምር። እሱ የሚሳተፍበት ማኅበር ኤስሲሲኤ፣ ማለትም የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ፣ ነው። የማኅበሩ ስትሪት ምድብ የጎሚኒውን ቁስ መቀየር አይፈቅድም፤ ስትሪት ቱሪንግ የተባለው ምድብ ግን ብረት እስካልሆነ ድረስ ይፈቅዳል። የቀድሞው ጋራዥ ፖሊዩሬቴን ሲያስገባለት ይህን የነገረው ሰው ስላልነበር ሳያውቅ ምድቡን ለቋል።

የታቾቹን ጎሚኒዎች እንዲህ አስተካከልኳቸው። በመጀመሪያ የዱቄት ቀለሙን ከጎሚኒው ቤት ውስጥና ጠርዝ ላይ ጠረግኩ፤ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ። ከዚያ የፖሊዩሬቴኑን ጠርዝ ማሳነስ ነበረብኝ። ቶርኖ (መቅረጫ ማሽን) ላይ ሞክሬዋለሁ፤ ቁሱ ከቢላው እየሸሸ ስለሚለመጥ ልኩ አይገኝም። የሠራው ጠፍጣፋ መስታወት ላይ የተለጠፈ የብርጭቆ ወረቀት ነው። ጎሚኒውን ጠርዙ ወደ ታች አድርጎ ማሸት፣ በየጥቂቱ በካሊፐር መለካት፣ በአራት ቦታ አንድ ዓይነት እስኪሆን መቀጠል። ቱቦው ከፖሊዩሬቴኑ 0.25 ሚሊ ሜትር ሲበልጥ አቆምኩ። ከዚያ በላይ ክፍተት ከተሰጠው ክንዱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ያንኳኳል። ቱቦው ፖሊዩሬቴኑ ውስጥ በጣት ሲገፋ መዞር አለበት፤ የማይዞረውን ውስጡን በሲሊንደር ላይ በተጠቀለለ የብርጭቆ ወረቀት አሰፋሁ።

ዋናው ማሻሻያ የግሪስ ኒፕል (ግሪስ በፓምፕ የሚነፋበት ትንሽ አፍ) መጨመር ነበር። የጎሚኒው ቤት ላይ ጭነት የማያርፍበትንና ከብየዳ የራቀውን ቦታ መርጬ በስቼ ጥርስ አወጣሁለት። ቀዳዳው ፖሊዩሬቴኑንም አልፎ እስከ ቱቦው ይደርሳል። በጎሚኒው ውስጥ ዙሪያውን ቀጭን ቦይ ቆፈርኩ፤ በውጩም እንዲሁ። የውጩ ቦይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። ፖሊዩሬቴኑ ከጊዜ ጋር በቤቱ ውስጥ በጥቂቱ ሊዞር ይችላል፤ ሲዞር ቀዳዳው ከኒፕሉ ፊት ይሸሻል፣ ግሪስ መንገዱ ይዘጋል። የውጩ ቦይ ካለ የትም ቢዞር ግሪሱ ይደርሳል። ኒፕሎቹን ያዞርኳቸው ጎማ ሳይወልቅ የግሪስ ፓምፕ በሚደርስበት በኩል ነው።

ሁሉንም ስገጥም ብሎኖቹን አንቲሲዝ (በዝገት እንዳይጣበቁ የሚያደርግ ቅባት) ቀባሁ። የላዮቹን ላስቲክ ጎሚኒዎች ብሎን ግን መኪናዋ በአየር ላይ እያለች አላጠበቅኩም። በአየር ላይ ክንዱ ተንጠልጥሎ ነው የሚገኘው፤ በዚያ ሁኔታ ከተቆለፈ መኪናዋ መሬት ስትነካ ላስቲኩ ገና ከመጀመሪያው ተጠምዝዞ ይቀመጣል፣ ከፍታዋንም ያዛባል፣ ቶሎም ይቀደዳል። አዲስ ላስቲክ ጎሚኒ በጥቂት ወራት ተቀዶ ስናይ "ዕቃው የውሸት ነው" እንላለን። ብዙ ጊዜ ዕቃው አይደለም። መኪናዋን በጎማዋ መወጣጫ ላይ አቁሜ፣ ሙሉ ክብደቷ ካረፈ በኋላ ነው ያጠበቅኩት።

አላይመንቱ የተሠራው ባለቤቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነው። አንድ ቶን ለምትመዝን መኪና የሾፌሩ ክብደት ልዩነት ያመጣል። ፊት ካምበር 1 ዲግሪ ወደ ውስጥ ያዘነበለ፣ ኋላ 1.5 ዲግሪ፣ የፊት ቶ ዜሮ፣ የኋላ ቶ በድምሩ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ። የቀኝ ኋላው ብሎን ሲዞር ቁጥሩ አብሮት ሄደ።

የሠራውና ያልሠራው

ጩኸቱ ጠፍቷል፤ ሌላ ክረምት ካለፈም በኋላ አልተመለሰም። ጭራዋ መንሳፈፍ አቁማለች፤ ባለቤቱ ረድፍ ሲቀይር ፊትና ኋላዋ እኩል እንደሚሄዱ ነግሮኛል፣ እኔም ነድቼ አረጋግጫለሁ። ትንንሽ ጉድጓድ ላይ የነበረው መመታት በብዙ ቀንሷል። ይህ የሚገርመው ፖሊዩሬቴን ምቾት ያጠፋል ብሎ የሚያስብን ሰው ነው። እዚህ ምቾቱን ያጠፋው የተያዘው ክንድ ነበር። ክንዱ ነፃ ሲወጣ ሾኩ ሥራውን ጀመረ።

ያልተስተካከለ ነገርም አለ። ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሜሪላንድ በሚያሻግረው የውድሮ ዊልሰን ድልድይ ላይ የመንገዱን መጋጠሚያዎች ስታልፍ አሁንም ከፋብሪካው ላስቲክ የበለጠ ጓ ትላለች። የታችኛው ክንድ ጠንካራ ከሆነ ይህ ዋጋው ነው፤ ማንም በቅባት አያስወግደውም። ገንዘቡም ያሳዝናል። ባለቤቱ ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ከፍሏል፣ አዲስ ማለት የሚቻል የላይ ክንድ ፖሊዩሬቴንም ካርቶን ውስጥ ተቀምጧል። እኔ በበኩሌ፣ ለዕለት መመላለሻ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁሉንም በአዲስ ላስቲክ እንዲተካ እመክረው ነበር። ያረጀች መኪና "በጣም ተሻሻለች" ከሚባለው ውስጥ ብዙው ሠላሳ ዓመት የሞላው ላስቲክ መውጣቱ ነው።

ወደ ሌላ መኪና ሲወሰድ

የአላይመንት ወረቀት ይቀመጥ፤ የ"በፊት"ና የ"በኋላ" ዓምዱም ይነበብ። ቁጥሩ ሳይለወጥ ከወጣ ጎማ በስተጀርባ የተጣበቀ ወይም የተጣመመ ነገር አለ። ጎሚኒ አስቀይራችሁ ስትረከቡ ደግሞ አሮጌዎቹን አምጡ በሉና ቁጠሯቸው። በእኛ ጉዳይ አሮጌዎቹ ተቆጥረው ቢሆን ኖሮ የጎደሉት ያኔውኑ ይታወቁ ነበር።

ለቪትዝና ለመሰል የፊት ጎማ ነጂ መኪኖች ባለቤቶች ጠንከር አድርጌ የምለው አለ። የእነዚህ መኪኖች የፊት የታች ክንድ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ጎሚኒ አለው። የፊተኛው ተጋድሞ እንደ ማጠፊያ ይዞራል። የኋለኛው ትልቁ በብዙዎቹ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፤ ክንዱ ከፍ ዝቅ ሲል ይህኛው አይዞርም፣ ወደ ጎን ይለመጣል። መካከሉ ክፍት ሆኖ የተሠራውም ለዚሁ ነው፦ ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ትንሽ ወደ ኋላ እንዲሸሽ። ይህን ቦታ በጠንካራ ፖሊዩሬቴን ወይም ቶርኖ ቤት በተቀረጸ ቴፍሎን መሙላት ክንዱን መቆለፍ ነው። ጉዳቱ ወደ ቦል ጆይንቱ (ክንዱን ከጎማው በኩል ወደሚያያይዘው ተዟዟሪ መጋጠሚያ)፣ ክንዱ ወደተበየደበት ቦታና ወደ ሻንሲው ይሄዳል። በሚያታ ላይ ፖሊዩሬቴኑ የሠራው ክንዶቹ በአንድ ዘንግ ዙሪያ ብቻ ስለሚንቀሳቀሱ ነው።

ቶርኖ ቤት ማስቀረጽ የግድ ከሆነ፣ መለዋወጫው የማይገኝበት ጊዜ እንዳለ አውቃለሁና፣ ተጋድሞ ለሚዞረው ጎሚኒ ብቻ ይሁን። ባለ ቶርኖው የመሃሉን ቱቦ ከጎሚኒው ጥቂት አስረዝሞ ይቁረጥ፤ ግሪስ የሚገባበትን ቦይም ያውጣለት። ከገጠማችሁ በኋላ ሾኩን ሳታስሩ ክንዱን አንስታችሁ ልቀቁት። ካልወረደ ፈታችሁ መልሱለት። ለላስቲክ ጎሚኒ የሞተር ዘይትም ሆነ ተራ ግሪስ አትቀቡ፤ ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋልም።

ባለቤቱ አሁን ዘይት በሚቀይርበት ቁጥር እያንዳንዱ ኒፕል ላይ አዲስ ግሪስ በጠርዙ ብቅ እስኪል ድረስ ይነፋል። የኋላ ማስተካከያ ብሎኖቹ በየዓመቱ ጨው ካለፈ በኋላ ላልተው፣ ዞረው፣ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፤ እንደገና እንዳይጣበቁ።